ሻምፒዮን ሆነናል፣ እኔ ግን የ2019ኙን ኖቲንግሃምሻየር ላነሳ ነው

ትሬንትዳር (ኖቲንግሃም)

ሰላም ወገኖቼ። ባለፈው መስከረም የክሪኬት ክለባችን ኖቲንግሃምሻየር እዚሁ ሜዳችን ትሬንት ብሪጅ ላይ ከዋርዊክሻየር ጋር ሲጫወት የ2025ን የካውንቲ ሻምፒዮና አረጋገጠ። ከ2010 ወዲህ የመጀመሪያው ነው። ሦስት ዓመት በተከታታይ ዋንጫውን የወሰደውን ሰሬይን ከዚያ በፊት በነበረው ጨዋታ በገዛ ሜዳው በ20 ራን (ራን መቺዎች የሚያስቆጥሩት ነው) አሸንፈን ነው እዚህ የደረስነው። ደስታዬን በሌላው ክር ላይ ጽፌ ጨርሻለሁ። ዛሬ የማነሳው የ2019ን የውድድር ዘመን ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ለአዲሶች ባጭሩ ልንገራችሁ። የካውንቲ ሻምፒዮና የእንግሊዝ ረጅሙ የክሪኬት ውድድር ነው። አንድ ጨዋታ አራት ቀን ይፈጃል። እያንዳንዱ ቡድን ሁለት ጊዜ ይመታል፣ ለማሸነፍ የተጋጣሚህን ሃያ ዊኬት ማውጣት፣ ማለትም መቺዎቹን በሁለቱ ተራ ሃያ ጊዜ ከጨዋታ ማስወጣት አለብህ። አራቱ ቀን ካለቀና ያ ካልሆነ ውጤቱ አቻ ነው። በ2019 አንደኛው ዲቪዚዮን ስምንት ቡድን ነበረው፣ እያንዳንዱ 14 ጨዋታ ተጫወተ። ማሸነፍ 16 ነጥብ፣ አቻ 5 ነጥብ፣ በዚያ ላይ ለጥሩ መምታትና ለጥሩ መወርወር የሚሰጥ ቦነስ አለ።

እኛ ከ14 ጨዋታ ድል ዜሮ፣ ሽንፈት 10፣ አቻ 4። በጠቅላላው 67 ነጥብ። ከኛ በላይ የጨረሰው ዋርዊክሻየር 131 ነበረው። ልዩነቱ 64 ነጥብ ማለት ነው፣ አራት ድል በትክክል። አንድ ቡድን ብቻ በሚወርድበት ዓመት ወራጁ ማን እንደሆነ የታወቀው ገና ጨዋታዎች እየቀሩ ነው።

እስከ ዛሬ የሚያብሰለስለኝ ደግሞ ያ ቡድን ደካማ አለመሆኑ ነው። ቤን ደኬትን ከኖርዝሃምፕተንሻየር፣ ጆ ክላርክን ከዉስተርሻየር፣ ዛክ ቻፔልን ከሌስተርሻየር አምጥተናል። ቤን ስሌተርም ከደርቢሻየር መጥቷል። ስቱዋርት ብሮድ የኛው ነበር። ከውጭ ጄምስ ፓቲንሰን፣ በኋላም ራቪቻንድራን አሽዊን መጡ። በመጀመሪያው ጨዋታ ክላርክ ዮርክሻየር ላይ 112 እና ሳይወጣ 97 ሲመታ እኔ ሜዳው ውስጥ ነበርኩ። ያን ቀን ወደ ቤቴ ስመለስ ዘንድሮ ዋንጫ ነው ብዬ ነበር።

ለምን እንደወደቅን ስድስት ዓመት አስቤበታለሁ። ያሰብኩትን ልጽፈው፣ እናንተም የታያችሁን ጻፉ። የእኔ ሐሳብ ይሄ ነው፤ እኛ ኳስ የሚመታ ሰው ሰበሰብን፣ የሚቆም ሰው፣ ማለትም ሳይወጣ ረጅም ሰዓት የሚከላከል፣ ግን አልነበረንም።


ኦቫል ጎረቤት (ለንደን)

ጋሽ ትሬንትዳር፣ እንኳን ደስ አላችሁ። እኔ የሰሬይ ደጋፊ ነኝ፣ ያቺን 20 ራን ገና አልዋጥኳትም። ቢሆንም ዋንጫው የሚገባችሁ ነው።

በ2019 ላይ ግን አልስማማም። “የሚቆም አልነበረንም” ስትል ጥፋቱን ተጫዋቾቹ ላይ መጣልህ ነው። ቡድኑን የሠራው ማን ነው? አሰልጣኙ ፒተር ሙርስ አይደለም ወይ? አንድም ጨዋታ ሳያሸንፍ የወረደ አሰልጣኝ በየትኛውም ስፖርት በማግስቱ ይሰናበታል። እንደ ሳሚት ፓቴል ያለ አንጋፋ ዓመቱ ሳያልቅ በውሰት ወደ ግላሞርጋን ሲላክ እኮ መልበሻ ክፍሉ ውስጥ የሆነ ነገር እንዳለ ከሩቅም ይታወቅ ነበር። አሰልጣኙን ማቆየታችሁ ያኔ ስህተት መስሎ ነበር የታየኝ፣ ዛሬም በዕድል የተረፋችሁ ይመስለኛል።


ትሬንትዳር (ኖቲንግሃም)

ወንድሜ፣ ሙርስ ላይ እመለሳለሁ፣ ብዙ የምለው አለኝ። መጀመሪያ ግን ችግሩ ከየት ጀመረ የሚለውን እንይ።

እኔ የምጀምረው ከ2017 ነው። በዚያ ዓመት ሁለቱንም የአጭር ጊዜ ዋንጫዎች ወሰድን፣ የሃያ ኦቨሩንም የሃምሳ ኦቨሩንም (አንድ ኦቨር ስድስት ኳስ ነው)። በሎርድስ ፍጻሜ አሌክስ ሄልስ ሳይወጣ 187 የመታው በናንተ ላይ ነው። በሻምፒዮናውም ከሁለተኛው ዲቪዚዮን ወደ አንደኛው ያደግነው በዚያው ዓመት ነው። ከተማው ሰከረ። ግን በዚያው ሰሞን ማን ሄደ? ክሪስ ሪድ ጡረታ ወጣ፤ ከመቺው ኋላ ቆሞ ኳስ የሚይዘው፣ የ2010ን ዋንጫ እንደ አምበል ያነሳው ሰው። መቺያችን ማይክል ላም ጨዋታ አቆመ። ከዚያ በፊት ደግሞ ጄምስ ቴይለር በ2016 ሚያዝያ በልብ ሕመም ምክንያት በ26 ዓመቱ ለዘላለም ተሰናበተ። ቴይለር ቁመቱ አጭር ነበር፣ ሲመታ ግን ቀኑን ሙሉ ይቆማል። እሱን የመሰለ መቺ በገንዘብ አይተካም።

እኛ የሄዱትን የተካነው ኳስ አርቀው በሚልኩ ልጆች ነው። ጎበዞች ናቸው፣ ደኬት ዛሬ የእንግሊዝ ብሔራዊ ቡድን የመክፈቻ መቺ ነው። ግን 2019ን ተመልከት። በሃምሳ ኦቨሩ ግማሽ ፍጻሜ ደርሰን በሶመርሴት ተሸነፍን። በሃያ ኦቨሩም ግማሽ ፍጻሜ ደርሰን በዉስተርሻየር በአንድ ራን ብቻ ተሸነፍን። ያው ልጆች ናቸው እኮ! በአጭሩ ጨዋታ ዋንጫ ጫፍ የደረሱ፣ በረጅሙ አንድም ጨዋታ ያላሸነፉ። ችሎታ ቢያጡ ኖሮ በሁለቱም ይወድቁ ነበር።


ሸገር ደርቢ (አዲስ አበባ)

ጋሼ ይቅርታ፣ ክሪኬትን ያወቅኩት ቅርብ ጊዜ ነው፣ በዩቲዩብ። ስለ መውረድ ግን እንነጋገር ካልን እኛም የቀመስነው ነው፤ አባቴ የኤሌክትሪክ ደጋፊ ነው፣ መብራት ኃይል እያለ ነው የሚጠራው እስከ ዛሬ። ክለቡ ከፕሪሚየር ሊጉ የወረደ ቀን እራት አልበላም።

ያልገባኝ አንድ ነገር አለ። አንድ ጥሩ ቦለር (ኳስ ወርዋሪ) ሃያውን ዊኬት ቢያወጣ አያሸንፍም? አሽዊንን የመሰለ ሰው ይዞ እንዴት ዜሮ ድል ይሆናል? መምታቱና መወርወሩ እንዴት ነው የሚያያዘው?


ትሬንትዳር (ኖቲንግሃም)

ጥሩ ጥያቄ ነው ያነሳኸው ወንድሜ። በአንድ ጨዋታ ልመልስልህ፣ ከኦቫል ጎረቤት ቡድን ጋር በሐምሌ በተደረገው።

የምሠራው የሌሊት ፈረቃ ነው፤ ጠዋት ከሥራ ወጥቼ በቀጥታ ወደ ሜዳው ነው የምሄደው። ጎኔ የሚቀመጡ አንድ አዛውንት ነበሩ፣ በወጣትነታቸው የከሰል ማዕድን ውስጥ የሠሩ። የነጥብ መዝገብ ይይዛሉ፣ ትልቅ ሰማያዊ ሽፋን ያለው። በእርሳስ ነው የሚጽፉት። ራን ያልተገኘባት እያንዳንዷ ኳስ ነጥብ (የጠብታ ምልክት) ታገኛለች፣ ራን ከተገኘ ቁጥሩ ይጻፋል፣ ዊኬት ሲወድቅ በመስመር ይዘጉታል። ከፐርሙሳቸው ሻይ ይቀዱልኛል፣ እኔ ደግሞ ዳቦ ይዤ እመጣለሁ። በስድስት ዓመት ውስጥ የተነጋገርነው ቃል ብዙ አይደለም፣ ግን ስለ ክሪኬት የማውቀውን ግማሹን ከዚያ መዝገብ ነው የተማርኩት።

በዚያ ጨዋታ አሽዊን በመጀመሪያው የሰሬይ ኢኒንግስ (የመምታት ተራ) ስድስት ዊኬት ወሰደ። በሁለተኛውም ስድስት። አሥራ ሁለት ዊኬት በአንድ ጨዋታ፣ ሕይወቱን ሙሉ የሚወረውር ሰው እንኳ ላያገኘው ይችላል። ሽማግሌው የስሙን መስመር ሲሞሉ እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። ከዚያ እኛ ለመምታት ገባን። አንዱ ይገባል፣ ይወጣል። ሌላው ይገባል፣ ይወጣል። በ167 ራን ተሸነፍን።

መልሱ ይኸው ነው። አሽዊን ለኛ በአምስት ጨዋታ 34 ዊኬት ወስዷል፣ በዚያ ላይ 339 ራን መትቷል። የቦለር ሥራ በሩን መክፈት ነው፣ የሚገባበት ሰው ያስፈልጋል። መቺዎቹ ቶሎ ከወጡ ደግሞ ሌላ ጣጣ ይመጣል። ቦለሮቹ ትናንት ማታ የለበሱት ጫማ ሳይደርቅ ዛሬ ከሰዓት እንደገና ሜዳ ይገባሉ፣ እግራቸው ይዝላል፣ ኳሱ ፍጥነቱን ያጣል። በግንቦት በዋይት ደሴት ላይ ሃምፕሻየር በ244 ራን ሲያሸንፈን እኛ በሁለት ኢኒንግስ በድምሩ ያገኘነው 383 ነው። ጥሩ ቡድን ይህን ያህል በአንድ ኢኒንግስ ይመታል።

የአዛውንቱ መዝገብ ላይ የዚያ ዓመት የኛ ገጾች ባዶ ቦታ የበዛባቸው ነበሩ። ሌሎቹ ቡድኖች ገጹን በነጥብ ይሞሉታል፣ ነጥብ በነጥብ፣ ራን የማይገኝባቸውን ኳሶች እየተከላከሉ። የኛ ገጽ ላይ ግን አራት አለ፣ አራት አለ፣ ከዚያ መስመር።


የሻርጃዋ (ሻርጃ)

ሰላም ጋሽ ትሬንትዳር። እኔ ሻርጃ ነው የምኖረው፣ ክሪኬትን ያስተማሩኝ የሠራሁላቸው ሕንዳውያን ቤተሰቦች ናቸው፣ የቼናይ ሰዎች። በዚያ ቤት አሽዊን ማለት የገዛ ልጅ ማለት ነው። እሜቴ የአሽዊን ተራ ሲደርስ ምጣዱን አውርደው ነው ቴሌቪዥኑ ፊት የሚቆሙት። ታኅሣሥ 2024 አውስትራሊያ ላይ ከዓለም አቀፍ ጨዋታ መሰናበቱን ሲናገር የቤቱ ሰው ሁሉ አለቀሰ፣ እኔም አለቀስኩ። 537 የቴስት ዊኬት፣ በአገራት መካከል በሚደረገው ረጅሙ ጨዋታ!

ያን የኖቲንግሃም ክረምት እኔም አስታውሰዋለሁ፣ ምክንያቱም እሜቴ በየቀኑ ውጤቱን በስልክ እያነበቡ “ይህን ልጅ ለምን ብቻውን ተዉት?” ይሉ ነበር። ያኔ አልገባኝም፣ ዛሬ ይህን ሳነብ ነው የገባኝ። ጋሼ፣ አንድ ልጠይቅ። ደጋፊው ለአሽዊን እንዴት ነበር? ተሳድበውበታል ወይ?


ትሬንትዳር (ኖቲንግሃም)

በፍጹም እህቴ። ቆመው ነው ያጨበጨቡለት። ይቺ ከተማ ከውጭ የመጣን ተጫዋች ማክበር ታውቅበታለች። ጋርፊልድ ሶበርስ በ1968 በአንድ ኦቨር ስድስት ጊዜ ስድስት ሲመታ የለበሰው የኖቲንግሃምሻየርን ማሊያ ነበር። የደቡብ አፍሪካው ክላይቭ ራይስና የኒውዚላንዱ ሪቻርድ ሃድሊ በ1981 እና በ1987 ዋንጫ ያመጡልን ናቸው። ሽማግሌው ስለ ሃድሊ ሲያነሱ ዛሬም ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። አሽዊንም በእሳቸው መዝገብ ውስጥ ከነዚያ ጋር ነው። ለእሜቴ ይህን ንገሪልኝ።


ዘላለም ሁለተኛ (ቶንተን)

ይህን ክር ሳነብ አመሸሁ፣ አሁን ግን ዝም ማለት አልቻልኩም። እናንተ 2019ን ስታለቅሱ የሶመርሴት ደጋፊ ምን ይበል? እኛ በዚያው ዓመት ሁለተኛ ወጣን። ኤሴክስ 228፣ እኛ 217። የመጨረሻው ጨዋታ እዚህ ቶንተን ላይ እኛና ኤሴክስ ራሳችን ነበርን፣ ያሸነፈ ዋንጫውን ይወስዳል፣ አቻ ከሆነ የነሱ ነው። ዝናቡ አላጫውትም አለ። ቀኑ በቀኑ ላይ እየተቆረጠ አቻ ወጣን።

ማርከስ ትሬስኮቲክ፣ ከ1993 ጀምሮ ለሶመርሴት ብቻ የተጫወተው ሰው፣ በዚያ ጨዋታ አሥራ አንዱ ውስጥ አልነበረም። መጨረሻ ላይ ተቀያሪ ሆኖ ኳስ ሊይዝ ሜዳ ገባ፣ ሜዳው ሁሉ ተነሣ። ሶመርሴት በታሪኩ ይህን ዋንጫ አግኝቶ አያውቅም። እሱም ሳያገኘው ሄደ።

መውረድ ያማል፣ አልክድም። ግን ወርዳችሁ ወጣችሁ፣ ዋንጫም በላችሁ። እኛ አሁንም እዚያው ነን።


ትሬንትዳር (ኖቲንግሃም)

ወንድሜ፣ የናንተን ሕመም አላሳንስም። ትሬስኮቲክ ሜዳ ሲገባ በስልኬ አይቼዋለሁ፣ እኔም ዕንባዬ መጥቷል።

የኛ ግን በ2019 አላበቃም። በ2020 በኮሮናው ዓመት በተዘጋጀው የቦብ ዊሊስ ዋንጫም አንድም አላሸነፍንም። የመጨረሻው ድላችን በ2018 አጋማሽ ነበር፣ ቀጣዩ የመጣው በ2021 ግንቦት ነው፣ ደርቢሻየርን በ310 ራን ስናሸንፍ። ሦስት ዓመት ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው! በመካከሉ ልጄ ተወልዳ፣ ዳዴ ብላ፣ ቆማ ሄዳለች። ሦስት ዓመት ሙሉ ድል አይቶ የማያውቅ ሜዳ ምን እንደሚመስል ልንገርህ? ከሰዓት ላይ ተጋጣሚ ስምንት ዊኬት ወድቆበት እንኳ ሰው አያጨበጭብም፣ እንዳይበላሽ ይፈራል።

አሁን ወደ ሙርስ ልመለስ፣ ኦቫል ጎረቤት የጠየቀኝ እሱን ነውና። ሙርስን እንግሊዝ ሁለት ጊዜ ብሔራዊ ቡድን ላይ ሾማ ሁለት ጊዜ አሰናብታዋለች፣ በ2009 እና በ2015። ግን በ2003 ሴሴክስን በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ ሻምፒዮን ያደረገው እሱ ነው። በ2011 ላንካሻየር ከማንም ሳይጋራ ብቻውን ሻምፒዮን ሲሆን ከ1934 ወዲህ የመጀመሪያው ነበር፣ ያኔም እሱ ነበር። ይህን የሚያውቅ ክለብ ነው ያቆየው። ዕድል አትበለው። በወደቅን ማግስት ክለቡ ምን እንዳደረገ እይ።

በዚያው በ2019 ላንካሻየር አንድ ልጅ አሰናበተ፣ ሐሲብ ሐሚድን። በ19 ዓመቱ በ2016 ሕንድ ላይ ለእንግሊዝ የተሰለፈ ነው፣ ሞሃሊ ላይ ጣቱ ተሰብሮ ስምንተኛ ሆኖ ገብቶ ሳይወጣ 59 የመታ። ከዚያ በኋላ ግን ወደቀ፣ ለሁለት ሦስት ዓመት ምንም አልሆነለትም። አልቆለታል ተባለ። እኛ ግን አመጣነው። ኳስ አርቆ የሚልክ አይደለም። የሚቆም ነው!

በ2021 ሚያዝያ ዉስተርሻየር ላይ በመጀመሪያው ኢኒንግስ 111 መታ። በሁለተኛው ከስሌተር ጋር ገብተው አልወጣ አሉ። የበታች ሆነን የገባንበት ጨዋታ ነው፣ የምንተርፈው በመቆም ብቻ ነው። ሁለቱም 114 ላይ ቆመው፣ ሳይለያዩ 236 ደርሰው፣ ጨዋታው በአቻ አለቀ። አቻ ነው፣ ድል አይደለም። ከድል ያላነሰ ደስታ ነበር የተሰማኝ። ደርቢሻየርን ያሸነፍነው ከዚያ በኋላ ነው። በ2022 ሁለተኛውን ዲቪዚዮን አሸንፈን ተመለስን። ሐሚድ በ2024 አምበል ሆነ፣ በ2025 በሻምፒዮናው 1,258 ራን መትቶ ዋንጫውን አነሳ። አሰልጣኙ ያው ሙርስ ነው፣ በሦስተኛ ካውንቲ። እንዲህ ያደረገ ሌላ አሰልጣኝ የለም።


ኦቫል ጎረቤት (ለንደን)

ሐሚድን እቀበላለሁ። እዚህ ኦቫል ላይም አይቼዋለሁ፣ ሰው አያስቸኩለውም።

አንድ ነገር ግን ዘለልክ ጋሼ። ለልጆቹም ፍረድላቸው። ሻምፒዮናው ተቆራርጦ ነው የሚካሄደው፤ ከፊሉ ጨዋታ ሚያዝያና ግንቦት ላይ ነው፣ ሜዳው ርጥብ፣ ኳሱ እንደ እባብ በሚታጠፍበት ጊዜ። ከፊሉ መሐል ላይ፣ የቀረው መስከረም ላይ ነው። በመካከል የሃያ ኦቨሩ ጨዋታ ይመጣና ልጁ ለሳምንታት በየኳሱ እንዲመታ ይነገረዋል። ከዚያ በማግስቱ ነጭ ለብሰህ ስድስት ሰዓት ቁም ይባላል። የ23 ዓመት ልጅ እጁን እንዴት ይቆጣጠር? “የሚቆም አልነበረም” ከምትል “ለመቆም ጊዜ አልተሰጣቸውም” ብትል እስማማለሁ።


ትሬንትዳር (ኖቲንግሃም)

እውነትህን ነው፣ ይህን እኔ ዘልዬዋለሁ። ክላርክንም በዚያ ዓመት የታዘብኩት እንደዚያ ነበር። በሚያዝያ ኳሱን እየተወ ይመታ የነበረ ልጅ፣ ከሃያ ኦቨሩ ተመልሶ መስከረም ላይ መተው ያለበትን ኳስ ሲያሳድድ አየሁት። ባቱ ወደ ኳሱ የሚሄደው ከእግሩ በፊት ነው። ሽማግሌው እርሳሳቸውን ገና ኳሱ ሳይደርስ አዘጋጅተው ነበር።

ግን ሁሉም ካውንቲ በዚያው መርሐ ግብር ነው የተጫወተው፣ ኤሴክስም። ኤሴክሶች አለስቴር ኩክ ነበራቸው፣ መቆምን የሚያስተምር ሰው መልበሻ ክፍላቸው ውስጥ ነበር። የኛዎቹ እነ ሪድና ቴይለር ከሄዱ በኋላ ማንን አይተው ይማሩ? እዚህ ላይ ነው የኔና የአንተ ሐሳብ የሚገናኘው መሰለኝ።


ሸገር ደርቢ (አዲስ አበባ)

ጋሼ አመሰግናለሁ፣ አሁን ገባኝ። እኔ እስካሁን የማየው ስድስት የተመታበትን ቁርጥራጭ ብቻ ነበር። ያቺን የሐሚድንና የስሌተርን አቻ ፈልጌ አያለሁ። የካውንቲውን ጨዋታ ከዚህ ሆኖ በቀጥታ ማየት ይቻላል?


ትሬንትዳር (ኖቲንግሃም)

ይቻላል። ካውንቲዎቹ ጨዋታቸውን በየራሳቸው ዩቲዩብ ያስተላልፋሉ፣ ከጠዋት እስከ ማታ። ሚያዝያ ላይ ሲጀመር ሊንኩን እዚሁ አስቀምጥልሃለሁ። አባትህንም አስቀምጣቸው፣ መብራት ኃይልን ያየ ሰው ቶሎ ይገባዋል።

ስለ ሽማግሌውና ስለ መዝገባቸው በግል መልእክት የጠየቃችሁኝ አላችሁ። ደኅና ናቸው። የመስከረሙ ዕለት ሊመጡ አልቻሉም፣ ጉልበታቸው ደረጃ አይወጣም። ማታ ቤታቸው ሄጄ ከስልኬ እያነበብኩላቸው ገጹን እሳቸው ሞሉት፣ ኳስ በኳስ፣ እስከ እኩለ ሌሊት። ከዚያ ወደ ኋላ ገለጡና የ2019ን የሰሬይ ገጽ አሳዩኝ። የአሽዊን አሥራ ሁለት መስመሮች በእርሳስ እንደነበሩ ናቸው።